ቁልፉ ማን ዘንድ ይደር?

አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢው በሸራ ተሸፍነው የሚያድሩ ብቻ ሳይሆን የሚውሉም መኪኖች አሉ። ባለቤቶቻቸው ሳምንቱን ሙሉ አይነኳቸውም። እሑድ እሑድ ባትሪው እንዳይደክም ለሩብ ሰዓት ያህል አስነስተው ያጠፏቸውና ሸራውን መልሰው ያለብሷቸዋል። ከዚያው ግቢ አጥር ውጭ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ የእግረኛውን መንገድ ይዞ ይጠማዘዛል። ጠዋት በሰልፉ መካከል ለቆመ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ያ ሸራ የለበሰ መኪና በክፉ ቀን እንደተቆለፈ ጎተራ ሆኖ ቢታየው አይፈረድበትም።

መቼም የቤት መኪና የሚባለው ነገር ከሚሄድበት ጊዜ የሚቆምበት ይበልጣል። ይህ በእኛ አገር ብቻ ሳይሆን በየትም አገር ያለ ነው። ባለቤቱ ሲተኛ ቆሟል፤ ባለቤቱ ቢሮ ሲገባ ቆሟል፤ ባለቤቱ ሠርግ ሲበላም ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ታዲያ አንድ ሰው በቀን አንድ ሰዓት ለሚነዳው ዕቃ የሃያ አራት ሰዓት ዋጋ ለምን ይከፍላል? በፈረንጅ አገር በአባልነት የሚሠራውን የጋራ መኪና አገልግሎት የወለደው ይኸው ጥያቄ ነው።

ነገሩ ከተጀመረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1948 በስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ከተማ «ሴፋጌ» የተባለ የመኪና ኅብረት ተመሠረተ። ዛሬ ዛሬ ስለ ጋራ መኪና ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው የጭስና የመንገድ መጨናነቅ ጉዳይ ነው። የዙሪክ ሰዎች ግን ያን ጊዜ ጭስ አላሳሰባቸውም። ጦርነቱ ካበቃ ገና ሦስት ዓመቱ ነበርና ለየራሳቸው መኪና መግዣ ስላጡ ነው ገንዘባቸውን ያዋጡት። ይህችን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ። ወደ ጎጃም ስንወርድ ታስፈልገናለች።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 አምስተርዳም ውስጥ ሉድ ሺመልፔኒንክ የተባለ ሰው «ዊትካር» የምትባል ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ለአባላት አቀረበ። ባለ ሦስት እግር ናት። ፎቶግራፏን ያየ የጅጋ ሰው «ባጃጅ ናት» ብሎ ቢምል የሚከራከረው አይኖርም። አባላቱ በሺህ ሲቆጠሩ መኪኖቹ ግን ጥቂት ደርዘን ብቻ ስለነበሩ ዓመታት ካዘገመች በኋላ በ1980ዎቹ አበቃላት። ስዊዘርላንዶች ግን አልተዉትም። በ1987 ሁለት አዳዲስ ኅብረቶች ተነሡ፤ በ1997 ተዋሕደው «ሞቢሊቲ» የተባለውን ማኅበር ፈጠሩ። ዛሬም ይሠራል፤ ዛሬም የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። አሜሪካኖች ደግሞ እንደ ልማዳቸው ንግድ አደረጉት። በ2000 ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ልጆቻቸው በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ሲማሩ የተዋወቁ ሮቢን ቼዝና አንቲየ ዳንየልሰን የተባሉ ሁለት ሴቶች «ዚፕካር»ን ጀመሩ። በ2013 ኤቪስ የተባለው የመኪና አከራይ 500 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ጠቅልሎ ገዛው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አባሉ በወር ወይም በዓመት መዋጮውን ይከፍላል። መኪና ሲያስፈልገው ሰዓቱን ያስመዘግባል። መኪናው ከሰፈሩ ጥግ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ በካርድ፣ አሁን አሁን ደግሞ በእጅ ስልኩ፣ በሩን ይከፍታል፤ ጉዳዩን ሲጨርስ ካነሣበት ይመልሰዋል። ነዳጁና መድኑ በሂሳቡ ውስጥ ነው። ድርጅቱ የሚሸጠው ሰዓት ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱ አባል ሲተኛ ሌላው ይነዳለታል። ሁሉም በአንድ ሰዓት መኪና ያማራቸው ዕለት ግን ጉድ ይፈላል።

በሁሉም ቦታ ቀንቷቸዋል ማለት አይደለም። ፓሪስ ከ2011 መጨረሻ እስከ 2018 አጋማሽ ያሠራችው «ኦቶሊብ» ስንት ሕዝብ አገልግሎ በከባድ ኪሳራ ተዘጋ። ተጠቃሚዎቹ መኪኖቹ ቆሸሹ እያሉ ያማርሩ ነበር። የጋራ ላም የሚያልባት እንጂ የሚያጥባት የላትም ማለት ነው። ዳይምለርና ቢኤምደብልዩ የሚባሉት ባለጸጎች እንኳ በ2019 አገልግሎታቸውን አዋሕደው በማግሥቱ ዓመት ከሰሜን አሜሪካ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጥተዋል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ እኛ የተጋራነው መቀመጫን እንጂ ቁልፍን አይደለም። መቀመጫ በመጋራት ማንም አይቀድመንም። በትንሿ ሴይቼንቶ ስንት ሰው ይታጨቅ እንደነበር የኖሩበት ይመሰክራሉ። በአብዮቱ ዘመን ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት ተፋጥጠው ይቀመጡባቸው የነበሩት ታክሲዎች ደግሞ «ውይይት» ተባሉ፤ ጊዜው የውይይት ክበብ ጊዜ ነበርና ስሙ ሳይቸግር ተጣበቀባቸው። በቅርቡም ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው «ራይድ»፣ እንዲሁም «ዛይራይድ»ና «ፈረስ» በስልክ መኪና መጥራትን አስለምደውናል። እነዚህ ሁሉ ግን የተሻሻሉ ታክሲዎች ናቸው። መሪውን የጨበጠ ሌላ ሰው አለ፤ እኛ ከኋላ ነን።

የትውልድ አገሬ ጅጋ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሲኬድ ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም ሳይደረስ የምትገኝ የጃቢ ጠህናን ወረዳ ከተማ ናት። ከዋናው መንገድ ላይ ናትና መኪና አይታ አታውቅም የሚላት የለም። ችግሯ መኪናው የሚያልፍባት እንጂ የሚቆምላት አለመሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣው አውቶቡስ ሞልቶ ይመጣል፤ ሞልቶ ያልፋል። ቀሪው የሚኒባስና የባጃጅ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ማኅበር የሚባለው ነገር ብቅ ይላል። የሚኒባስና የባጃጅ ባለንብረቶች በማኅበር ተደራጅተዋል። መኪናው የየግላቸው ነው፤ የጋራቸው ተራው ነው። ተራ አስከባሪው ስም ይጠራል፤ የፊተኛው ሲሞላ የኋለኛው ይጠጋል። የማኅበሩ አባል ያልሆነ መኪና መናኸሪያው ደጅ ቆሞ ተሳፋሪ ቢጠራ ጠብ ይነሣል። አባልነት ማለት እንግዲህ ባለመኪናው ለመጫን የሚያገኘው ፈቃድ ነው። ተሳፋሪው የምንም አባል አይደለም። የገበያ ዕለት ማዳበሪያ ሙሉ በርበሬ ይዞ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ ለዕቃው በተጠየቀው ልክ ይከፍላል። ቢቸኩል «ኮንትራት ያዝ» ይባላል። ኮንትራት ደግሞ ታሪፍ የለውም፤ የተሳፋሪውን ፊት አይቶ የሚቆረጥ ዋጋ ነው። ሌሊት በሽተኛ የያዘ ሰው ፊት ምን ዓይነት እንደሆነ የታወቀ ነው።

ከከተማዋ ወጣ ብለው ባሉት ቀበሌዎች በሽተኛም ሆነ ምጥ የያዛት ሴት እስከ መኪና መንገድ ድረስ በቃሬዛ ነው የሚመጡት። ሰፈርተኛው እየተቀያየረ ይሸከማል። አምቡላንስ ለየወረዳው መታደል ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ አንድ አምቡላንስ ግን ለስንቱ ቀበሌ ይደርሳል? ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ መንገዱ በየጊዜው ተዘግቷል፤ ሰዓት እላፊ የታወጀባቸው፣ ኢንተርኔት የጠፋባቸው ወራት ከርመዋል። መንገድ ሲዘጋ መኪና ያለውም የሌለውም እኩል እግረኛ ነው። መንገዱ ሲከፈት ግን ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ባለፈው ዓመት አጎቴ ከጅጋ ደወሉልኝ። በርበሬና በቆሎ የሚያመርቱ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ሰው ናቸው።

«ሰባት ሆነን አንድ መኪና ልንይዝ ነው። አንተም ስምንተኛ ግባ» አሉኝ።

«ታክሲ ልታሠሩት ነው እንዴ ጋሼ?»

«ምን ታክሲ ታክሲ ትላለህ! ለራሳችን ነው እንጂ። ዛሬ እኔ በርበሬዬን ፍኖተ ሰላም ላደርስበት፣ ነገ መምህሩ እናቱን ሐኪም ቤት ሊወስድበት፣ ከነገ ወዲያ ልብስ ሰፊው ልጁን ሊድርበት። ሰው ለሰው ደጅ ሲጠና ይኖራል?»

ሰባቱ እነማን እንደሆኑ ቆጠሩልኝ። ሁለት ገበሬዎች፣ አንድ መምህር፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ እህል ነጋዴ፣ አንድ አናጢ፣ አንድ ጡረተኛ የጤና ረዳት። አንዳቸውም ስለ ዙሪክ አልሰሙም። አሳባቸው ግን የ1948ቱ የዙሪክ አሳብ ራሱ ነው። ብቻችንን አንችልም፤ አብረን እንችል ይሆናል።

እኔ ደስ አለኝ፤ ቆይቶ ግን ከበደኝ። የከበደኝ ሰዎቹ መጋራት አያውቁም ብዬ አይደለም። ስለ መጋራት ጎጃምን የሚያስተምር ፈረንጅ ገና አልተወለደም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር መቀናጆ ይገባል። አንድ ቀን የአንዱ ማሳ ይታረሳል፣ በሚቀጥለው ቀን የሌላው። እያንዳንዱ የገዛ በሬውን ያበላል፣ የገዛ በሬውን ያሳድራል። በሬዎቹ በጉልበት መመጣጠን አለባቸው፤ አንዱ ፈርጣማ ሌላው ከሲታ ከሆነ ቀንበሩ ያጋድላል፤ ሰዎቹም አብረው ያጋድላሉ። እድርም ቢሆን ከዚፕካር የሚለየው በስሙ ነው። ወርኃዊ መዋጮ አለ፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ የማኅበሩ ነው፤ ዕቃ ጠባቂ አለ፤ ሰሐን የሰበረ ይከፍላል፤ ሳይመልስ ያቆየ ይቀጣል። አባሉ ድንኳኑን የሚያገኘው በቸገረው ቀን ብቻ ነው፤ በቀሪው ቀን የእኔ ነው ብሎ አያስብም።

የእድር ድንኳን ግን አንድ ትልቅ በረከት አለው። ማንም ሊሸጠው አይመኝም።

የዙሪክና የጅጋ መንገድ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። ዙሪክ ውስጥ መኪና ከመደብር ወጥቶ መንገድ ከረገጠበት ደቂቃ ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል። ቆሞም ይወርዳል። ስለዚህ ባለቤቱ መኪናው ሲቆም ገንዘቡ እየቀለጠ እንደሆነ ያውቃል፤ ማኅበር የሚገባውም ያንን ለመሸሽ ነው። የእኛ መኪና ግን ሲቆም ይወልዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ የጣለው ቀረጥ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ይህ ሁሉ አስቀድሞ የገባውን መኪና ወርቅ አደረገው። ድሮ በመቶ ሺዎች ብር ትሸጥ የነበረችው ቪትዝ ከሚሊዮን ተሻግራለች፤ ያውም አርጅታ። ያ በየግቢው የተዘረጋው ሸራ እንግዲህ የሚከላከለው ከአቧራ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ሞኝ አይደለም፤ ባንክ ከሚከፍለው ወለድ የሚበልጥ ነገር ግቢው ውስጥ ቆሞለታል። ማን ነው ቁጠባውን ለሰው አውሶ በፍኖተ ሰላም ኮረኮንች የሚያስገጨው? (የኤሌክትሪክ መኪና ግዙ የሚለን አይጠፋም። መብራት በሚጠፋበት ከተማ መኪናውም አብሮ ይጠፋል።)

አጎቴንና ጓደኞቻቸውን ያሰጋኝ ይኸው ነው። ሰባት ሰዎች አንድ መጓጓዣ የያዙ ይመስላቸዋል፤ የሚይዙት ግን አንድ ቅርስ ነው። በሁለተኛው ዓመት ዋጋው እጥፍ ሲሆን አንዱ «ድርሻዬን ስጡኝ» ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የጋራ ባለቤትነትን ያውቃል፤ የጋራ ንብረት ይከፈልልኝ ማለትንም እንዲሁ ያውቃል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ መኪና ግን ሎሚ አይደለም፤ ጎማውን ለአንዱ መሪውን ለሌላው ማለት አይቻልም። ተሽጦ ገንዘቡ ይከፈላል፤ በሽተኛውም ወደ ቃሬዛው ይመለሳል።

ሁለተኛው ጭንቀቴ ስለ አደጋ ነው። በዚያው ሕግ ባለመኪና የሆነ ሰው እሱ ባይነዳም፣ አንዳች ጥፋት ባይኖርበትም፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ መጠን አለው እንጂ ሁሉንም አይሸፍንም። እንግዲህ መምህሩ ነድቶ ሰው ቢገጭ፣ ማሳው ላይ የነበረው አጎቴም ተከሳሽ ሊሆን ነው። ፍርድ ቤቱ እንኳ ይቅር። ደም በሚፈላለጉበት አገር የሟች ዘመድ ሊብሬ አገላብጦ ባለድርሻ አይቆጥርም፤ የሚያየው መሪ የጨበጠውን ሰው ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ ጉማ ሲቆርጥ ስምንቱም ያዋጣሉ ወይስ የነዳው ብቻ? ይህ ዙሪክ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

ከሰባቱ መንጃ ፈቃድ ያለው ደግሞ መምህሩ ብቻ ነው። የፈረንጆቹ አሠራር ሁሉም አባል ይነዳል ብሎ የተነሣ ነው። እኛ ዘንድ ሾፌር መቀጠሩ አይቀርም። ሾፌር ከተቀጠረ ቁልፉ እሱ ዘንድ ያድራል፤ ቁልፉ እሱ ዘንድ ካደረ ሰባቱ የመኪና ባለቤቶች አንድ ሾፌር ደጅ ሊጠኑ ነው። ከዚህም በላይ አባላት በተጓዙበት ልክ ለሣጥኑ ይክፈሉ ቢባል፣ ትራፊክ ፖሊሱ ኮድ 2 ሲባል በኖረው የቤት መኪና ሰው ጭኖ ገንዘብ መቀበልን ያውቃል እንጂ «ማኅበራችን ነው» የሚል ነገር ሰምቶ አያውቅም።

ይህን ሁሉ በስልክ ዘረዘርኩላቸው። አጎቴ ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ ደንቡን ጻፈው፤ ለዚህ አይደል የተማርከው?» አሉ። ጻፍኩት። ከሁሉ በላይ የተጨነቅኩባት አንዲት አንቀጽ ናት። ከማኅበሩ የሚወጣ ሰው ያስገባውን ብር ብቻ ይዞ ይውጣ፤ የገበያው ዋጋ አይታሰብለት፤ መኪናው የማኅበሩ ነው፣ የአባሉ ድርሻ ቀኑ ነው። ልክ እንደ እድሩ ድንኳን። ብሩ በየጊዜው ዋጋ በሚያጣበት አገር ይህ ከባድ ቃል እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሌላ የሚያስኬድ መንገድ አልታየኝም። ዋጋው ለግለሰቡ ከታሰበ መኪናው ከመንገድ ይልቅ ሸራ ስር እንዲውል የሚፈልግ አባል ሁልጊዜ ይኖራል፤ ባይናገረውም ይኖራል።

ደንቡ ጅጋ ደርሶ ሲነበብ እህል ነጋዴው ተነሣ አሉ። «ሚሊዮን አውጥቼ ሚሊዮኔን ብቻ ልቀበል? ያኔ ሚሊዮን የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ቢሆንስ?» አለ። አባባሉ ተጋነነ እንጂ ውሸት የለበትም። ሦስቱ ከእሱ ጋር ሆኑ። የጤና ረዳቱ ብቻ በንዴት «እኔ ልሸጠው አልገዛም፤ ስንቷን ወላድ መንገድ ላይ አዋልጃለሁ» ብለው ተናገሩ። በመጨረሻ አስታራቂ አሳብ የመጣው ከአናጢው ነው። የሚወጣው ሰው በዕለቱ የበርበሬ ዋጋ ይታሰብለት፤ ሲገባ የከፈለው ስንት ኩንታል በርበሬ ይገዛ እንደነበር ይጻፍ፣ ሲወጣ በዚያው ኩንታል ልክ ይቀበል። ኢኮኖሚስት አይደለሁምና ይህን አሳብ የሚሽር ነገር አላገኘሁም።

ስለ ቁልፉ የነበረው ክርክር አጠር ያለ ነው። አጎቴ እንደ ማኅበር ጽዋ ከቤት ቤት ይዙር አሉ፤ በወሩ ጽዋው ያለበት ሰው ሌሊት ቢጠራም የመነሣት ግዴታ አለበት። ልብስ ሰፊው የጽዋው ወር የእኔ ሲሆን ቁልፉንም ጠላውንም ማን ይጠብቃል ብሎ አሣቀ። ከሳቁ በኋላ ሁለት ቁልፍ ይኑር ተባለ፤ አንዱ ከሾፌሩ፣ ሁለተኛው ከጤና ረዳቱ ዘንድ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ተራ የሚባል ነገር እንዳይኖር፣ መኪናው የበሽተኛ ብቻ እንዲሆን፤ በሽተኛው አባል ባይሆንም። ይህን እኔ አልጻፍኩትም። እነሱ ናቸው የጨመሩት።

የኔን ድርሻ በባንክ ልኬያለሁ። ባለፈው ሰሞን አጎቴ ሲደውሉልኝ ደንቡ ተፈርሞ ነበር። መኪናውም ተገኝቶ ነበር፤ ባለ ሁለት ጋቢና አሮጌ ፒካፕ። ደንቡን ስንከራከር በከረምንባቸው ወራት ግን ሻጩ ሁለት ጊዜ ዋጋ ጨምሯል።

«አሁን ዘጠነኛ ሰው እየፈለግን ነው» አሉኝ። «አዲስ አበባ የምታውቀው የጅጋ ልጅ የለም?»